ድርሳን በእንተ ሜጋቢት ወእስክስታ

የሠርግ ቪሲዲ ሲከፈት ሽማግሌው እየመረቁ ፊታቸው ጥርት ብሎ ይታያል፤ እስክስታው ሲጀመር ግን ሙሽራው ከወገቡ በላይ የአራት ማዕዘን ክምር ይሆናል። ሊቃውንት ይህን ምሥጢር ትተው በፀሐይ ግርዶሽ መድከማቸው ያሳዝናል። እነሆ፣ እኛ ደፈርነው።

ነጥብ ቆጣሪዎች የምንላቸው ወገኖች፣ ጥራት የፒክስል ብዛት ነው እያሉ ያስተምራሉ። ሽማግሌውም ሙሽራውም የታዩት በዚያው 352 በ288 ነጥብ ነውና ትምህርታቸው እዚህ ላይ ይወድቃል። በፓል ሥርዓት በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ለነጥብ 12 ቢት ቢታሰብ በሰከንድ 30.4 ሜጋቢት ይወጣል። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪሲዲ ደንብ ለምስሉ የፈቀደው 1.15 ሜጋቢት ብቻ ነው፤ ሲዲ በተራ ፍጥነቱ ሲዞር ከዚያ ብዙም አያቀብልም፣ ለድምፁም 224 ኪሎቢት መትረፍ አለበት። (ሜጋቢትን ሜጋባይት ብሎ ያነበበ ስምንት እጥፍ ስቷልና ንስሐ ይግባ።) ከ26 እጅ 25ቱ ገደማ ይጣላል ማለት ነው።

የሚጥለው ኤምፔግ-1 የተባለው የቪዲዮ ማመቂያ ነው፤ ስንፍናን ወደ ሳይንስ ማዕረግ ያደረሰ ጥበብ! ያልተንቀሳቀሰውን ደግሞ አይጽፍም። የተንቀሳቀሰውንም 16 በ16 ነጥብ በሆኑ ክፋዮች ይቆርጥና «ከዚያ ወደዚህ ሄዷል» ብሎ ያልፋል። ሽማግሌው ከነወንበራቸው ባሉበት ስላሉ ጥቂት ቢት ይበቃቸዋል። ትከሻ ግን አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ ነጠላው ወደ ጎን ይሸሻል፣ የጥበቡ ጥለት ደግሞ የት እንደሚሄድ ራሱም አያውቅ። ምስሉን የሚያምቀው ኢንኮደር የቀደመውን ፍሬም ቢያገላብጥ የሚመስል ስለማያገኝ ሁሉን እንደ አዲስ ሊጽፍ ይነሣል፤ ቢቱ ያልቅበታል። ያን ጊዜ ረቂቁን ዝርዝር ይጥላል፣ የክፋዮቹ ጠርዝም አፍጥጦ ይወጣል።

ቪሲዲ ለምርቃቱም ለጭፈራውም እኩል ይሰፍራል፤ ፍትሕ ይመስላል፣ ግፍ ነው። ዲቪዲ እስከ 9.8 ሜጋቢት ድረስ ከፍ ዝቅ ማለት ስለሚችል ከምርቃቱ ቆጥቦ ለትከሻው ይዘረግፋል።

እንግዲህ ቪሲዲን የሙጥኝ ያለ ቀራጭ የቀረው መንገድ አንድ ነው፦ አዝማሪው ዘፈኑን ረገብ እንዲያደርግ መለመን። ይህን ልመና ይዞ ጎንደር ሠርግ ቤት የሚገባ ተመራማሪ ስናፈላልግ ቆይተናል፤ ፈቃደኛ ጠፋ።