መራጭ ሆድና የሦስት ቀን ማጽጃ

«ዲቶክስ» በጥሬ ትርጉሙ መርዝን ከሰውነት ማስወገድ ሲሆን፣ በሕክምና ቋንቋ ከአልኮል ወይም ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የሚላቀቅ ሰው የሚያገኘውን ክትትል ያመለክታል፤ ወደ ከተማ ኩሽና ሲወርድ ግን ከቆስጣ፣ ከቀይ ሥርና ከዝንጅብል የሚፈጭ ጭማቂ ሆኗል። ይህን ሥርዓት በቤቱ ለሦስት ቀን የሚሞክረው መራጭ በላተኛ፣ ማለትም ከወጡ ሽንኩርቱን ለቅሞ በሳህኑ ዳር የሚያሰልፈው ሰው፣ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል። ቆስጣው ስለሚሸተው ይቀነሳል፣ ቀይ ሥሩ አፈር አፈር ስለሚል ይወጣል፣ ዝንጅብሉም ስለሚያቃጥል ይቀራል፤ እስከ ማታ የሚተርፈው ሎሚ በማር፣ ሌላው ሰው ጉንፋን ሲይዘው ያለ አንዳች ሥነ ሥርዓት የሚጠጣው ነው። በሁለተኛው ቀን ከጎረቤት የሽሮ ሽታ ሲመጣ ደንቡ «በመጠኑ» ይሻሻላል።

ጥሬ ሥጋ ከሚያመጣው የኮሶ ትል ለመገላገል የኮሶ አበባ በጥብጠው፣ ምሬቱን ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጡ የነበሩት አባቶችና እናቶች ቢያንስ የሚያስወጡትን ጠላት በስሙ ያውቁት ነበር፤ የዛሬው አጽጂ ግን መርዙ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ያው መርዝ ነዋ» ከማለት አያልፍም። መርዝ የማስወገዱን ሥራ ያለ ማስታወቂያ የሚሠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ሁለቱ ኩላሊቶች ከደም የሚያጣሩት ፈሳሽ በቀን 180 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ለዚህም ቆስጣ ጠይቀው አያውቁም።