የመሸበት እንግዳ በቦረና

«የወሎ ሰው ደግ ነው» ሲባል ሳይሰማ ያደገ የለም። በዘፈኑም በጨዋታውም ይነሳል። አባባሉ ውሸት ነው አልልም፤ ግን ይጎድለዋል። ደግነት ብቻ ካልነው፣ እንደ ዝናብ ከላይ የወረደላቸው ጠባይ እናስመስለዋለን። እኔ በወሎው ቦረና ያየሁት ሥራ ነው፤ ደንብ ያለው፣ በቃል የሚጠና፣ ልጅ ከአባት ከእናቱ ሥር ሆኖ የሚለምደው ሥራ። ይህን ያየሁትም መንገድ ስለተበላሸብኝ ነው።

ጊዜው ክረምት ነበር። ከደሴ ወጥተን በአቀስታ አድርገን ወደ መካነ ሰላም እንጓዛለን። የለጋምቦ ደጋ በሐምሌ ጉም ለብሶ ይውላል፤ እረኛው ከነብርድ ልብሱ ከበጎቹ መሀል ቆሞ ይታያል፣ ከዚያ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። በመሀል ሁለት ሽማግሌዎች መኪናውን አስቆሙ። ጋቢና የተቀመጠው ጎልማሳ ረዳቱ ገና አፉን ሳይከፍት ወርዶ «ይግቡ አባባ» አለና ከኋላ፣ ከጆንያው ጎን ተጣበበ። ሒሳብ የከፈለው እኩል ነው፤ ቀድሞም የመጣው እሱ ነው።

ጋቢና ሲነሳ አውስትራሊያ ያለው አብሮ አደጌ ትዝ ይለኛል። የሚኖረው ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ በሚባለው የሐበሻ ምግብ ቤቶች በበዙበት ሰፈር ነው። እዚያ ብቻውን ታክሲ የሚሳፈር ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከሾፌሩ ጎን እንደሆነ ነግሮኛል። ሾፌሩን አገልጋይ፣ ራስን ጌታ አለማስመሰል ነው ነገሩ። መጠጥ ቤት ሲገቡም «ሻውት» አለ፤ ተራ በተራ ለሁሉም ይገዛል፣ ተራውን የዘለለ ሰው ስሙ ይበላሻል። የማያውቁትን ሰው «ማይት» ብለው ይጠሩታል። አብሮ አደጌ ይህን ሁሉ የለቀመው ከሥራ ጓደኞቹ ነው፤ ቁጭ አድርጎ ያስተማረው የለም። የእኔ ዕድል ከእሱ የተሻለ ነበር፤ አስተማሪ አግኝቻለሁ።

ወደ መካነ ሰላም ስንጠጋ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ገባ። ገፋን፣ ድንጋይ አነጠፍን፣ ቅጠል ጎዘጎዝን፤ ንቅንቅ አላለም። ረዳቱ ጭነት ለማቅለል ሻንጣዎቹን ከኋላችን በደረሰ አይሱዙ ላይ ጫናቸው። አይሱዙው እንደምንም ተፍጨርጭሮ አለፈ፤ እኛ ቀረን። ሹራቤም፣ ጫማዬም፣ ኪሴ ውስጥ ከነበረች ጥቂት ብር በቀር ገንዘቤም ከሻንጣው ጋር ሄደ። አጠገቤ የነበረ ወጣት «አብሽር፣ ወላሂ አይጠፋም» አለኝ። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩትም «አብሽር ልጄ» አሉኝ። ወሎ ውስጥ ይህ ቃል የእስላም የክርስቲያን አይባልም፤ የተጨነቀ ሰው ሲታይ የሚወጣ ነው።

ሲመሽ እኚሁ ባለ ማተብ ሽማግሌ «ከእኔ ጋር ና» አሉኝ። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ በእናታቸው በኩል የሚዛመዷቸው ሰው ቤት አለ፤ ሙስሊሞች ናቸው። በጨለማው እየደገፉኝ፣ ይልቁንም እየደገፍኳቸው፣ ደንቡን ነገሩኝ። «አጥሩን አልፈህ እንዳትገባ። ቆመህ ድምፅህን አሰማ። ውሻውን እነሱ ይያዙት። ስትገባ ከተቀመጡት መሀል አትመርጥም፣ ያስቀመጡህ ቦታ ትቀመጣለህ።» አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆሙና «ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን፣ አሳድሩን» ብለው ተጣሩ። ስማቸውን አልተናገሩም። ለምን እንደሆነ በኋላ ስጠይቃቸው «ስሜን ካልኩ ለእኔ ይሆናል የሚከፍቱት፤ የሚከፈተው ለእንግዳ ነው» አሉኝ። ከውስጥ የሴት ድምፅ መለሰ፦ «ቤት ያላህ ነው፣ ግቡ!»

እሳት ዳር የነበሩት ሁሉ፣ ትንሹ ልጅ ሳይቀር፣ «ኖር! ኖር!» እያሉ ብድግ አሉ። ሽማግሌው «በእግዜር፣ በእግዜር፣ አትነሱ» አሉ። ልጁ ማስታጠቢያና ውሃ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ለሽማግሌው፣ ቀጥሎ ለእኔ አስታጠበ፤ በቀኝ እጁ ሲያፈስ ግራ እጁን ከቀኝ ክንዱ ሥር ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ። ያ ልጅ ከሰባት ዓመት አይበልጥም። ሥራ ነው ያልኩት ይህን ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ውሃው እንዲሞቅ እሳቱ ላይ ያስቀመጠውም እሱ ነው።

ከዚያ ምግቡ መጣ። የቤቱ እመቤት ማን መሆኔን አታውቅም። ስሜን ብትጠይቅም አይጠቅማትም፤ ወሎ ውስጥ አያቱ ሙሐመድ የሆነ ክርስቲያን፣ አያቱ ገብረ ማርያም የሆነ ሙስሊም ሞልቷል። በቀጥታ «ምንድን ነዎት?» ማለት ደግሞ ነውር ነው። ያቀረበችው ሽሮና እንቁላል ነበር። ያረደውን ሰው የሚያስጠይቅ ነገር መሶቡ ላይ የለም። ስታቀርብም «ጾም ከሆኑ ሽሮው ለብቻው ነው» አለች፤ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ማወቅ የፈለገችውን ሁሉ አወቀች፣ እኔም አልተመረመርኩም። ክርስቲያን መሆኔ ከታወቀ በኋላ «እርስዎ» ማለቷን ትታ «ብላ እንጂ ልጄ፣ በሞቴ!» ትለኝ ጀመር። ያኔ ቤተኛ ሆንኩ።

ይህ መጠንቀቅ ከምንም የመጣ አይመስለኝም። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ጠርተው የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ። የወረሂመኖው ኢማም ሙሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። እምቢ ያለው ሸፈተ፣ ተሰደደ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት የቀረበት ብዙ ዘመድ አለ። አገሩ የክርስቲያንና የእስላም፣ የአማራና የኦሮሞ መገናኛ ነው፤ ለጋምቦ፣ ለገሂዳ፣ ቦረና የሚሉት ስሞች ራሳቸው ይናገራሉ። እንዲህ ባለ አገር እንግዳን ሳያሳፍሩ ማስተናገድ ካልተጠና ጎረቤትነት አይዘልቅም። ስለዚህ «በተፈጥሯቸው ደጎች ናቸው» ሲባል ልፋታቸው የተሰረዘ ይመስለኛል፤ ያናድደኛልም።

ቡናው ተፈላ። አቦሉ ሲቀዳ የቤቱ አባወራ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ መንገደኛውን፣ የጠፋውን ሻንጣ፣ የተያዘውን መኪና በስም እየጠሩ። ሁላችንም «አሚን» አልን፤ ባለ ማተቡ ሽማግሌ ከሁሉ ጮክ ብለው። ቶናው ላይ እንቅልፍ ያዘኝ። ሽማግሌው በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝና «በረካው ሳይደርስ አይተኛም» አሉኝ በሹክሹክታ። በረካ ጠጥቼ በከባድ የሱፍ ባና ተጠቅልዬ ተኛሁ።

ጠዋት ገንዘብ ላውጣ አላውጣ እያልኩ ሽማግሌውን አማከርኳቸው። «ብር ከሰጠሃት ቤቷን ሆቴል አደረግኸው፤ ከተማ ስትገባ ስኳርና ቡና ላክላት፣ ለልጁም ደብተር» አሉኝ። ሻንጣዬ መካነ ሰላም ላይ አይሱዙው ዕቃ ያራገፈበት ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ባለሱቁ መክፈቻውን እንኳ አልነካውም፤ ለጥበቃ ልክፈል ስለው ተቆጣኝ። ስኳሩን፣ ቡናውንና ደብተሩን በገበያ ቀን ወደዚያ ሰፈር በሚመለስ ሰው እጅ ላክሁ።

ወደ ቦረና ሳይንት ፓርክ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚሄድ ሰው በዚያው መንገድ ያልፋል። ወፍራም ሹራብ ይያዝ፤ ሹራቡን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ላዩ ላይ ያድርገው። አንድ ኪሎ ስኳርም ከደሴ ይግዛ። ከመሸበት ደግሞ አጥሩ ጋ ቆሞ ድምፁን ያሰማ፤ ውሻውን እነሱ ይይዙታል።