«ጎ»ን አሳርፉት!

«እንግሊዝኛዬን ላጠናክር ብዬ መዝገበ ቃላቱን ከ‹ኤ› ጀምሬ እየሸመደድኩ ነው» ትለኛለህ። «ዜድ» እስክትደርስ «ኤ»ን ማን ይጠብቅልሃል? ይልቅ ግሶችህን አበርታ። ሰውዬው ሲሮጥም «ዌንት ቬሪ ፋስት»፣ ሲያዘግምም «ዌንት ቬሪ ስሎውሊ»፣ ሲያደባም «ዌንት ሳይለንትሊ»! አንድ «ጎ» ስንቱን ይሸከም? ከፈተለከ «ዳሽ» አለልህ፤ ደክሞት እግሩን እየጎተተ ከሄደ «ትራጅ»፤ ካነከሰ «ሊምፕ»፤ ከተንገዳገደ «ስታገር»፤ ደረቱን ነፍቶ ከተንጎማለለ «ስትራት»።

«ኧረ በዛብኝ!» ትላለህ። በአማርኛ ማን ቀነሰልህ? ተማሪ ሳለህ ከክፍል የጠፋኸው «ሹልክ ብለህ» ነው። ሳያንኳኳ የገባብህን ጎረቤት «ዘው አለ» ትለዋለህ፤ ቤተኛው ደግሞ «ሰተት ብሎ» ይገባል። በአፍ መፍቻህ ሰው ሲገባና ሲወጣ አኳኋኑን ሳትነግረን አታልፍም። እንግሊዝኛ ላይ ስትደርስ ምን ነካህ?

ያሳሳተህ የቃላቱ አቀማመጥ ነው። «ሹልክ ብሎ ወጣ» ስትል ማሰሪያ አንቀጹ «ወጣ» ነው፤ እሱ የሚነግረን አቅጣጫውን ነው። አወጣጡን የያዘው ከፊት የቀደመው «ሹልክ ብሎ» ነው። እንግሊዝኛ ይህን ይገለብጠዋል፦ «ስሊፕድ አውት»። መሹለኩ ግሱ ውስጥ ገባ፣ መውጣቱን «አውት» ተረከበው። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ሊዮናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት፣ አንዳንዱ ቋንቋ የእንቅስቃሴውን ሁኔታ፣ ሌላው ደግሞ አቅጣጫውን በግሱ እንደሚይዝ አሳይቷል። እንግሊዝኛ ሁኔታውን ከሚይዙት ወገን ነው። ስለዚህ «ዘው ብሎ ገባ»ን «ኢንተርድ» ብለህ ስትተረጉም፣ ሰውዬው ይገባና ዘው ማለቱ በር ላይ ይቀራል። «በርስት ኢን» በልና አብረህ አስገባው!

«ካወቅኩማ ዝም ብዬ እደረድራቸዋለሁ!» ቀስ በል፤ ግስ ጠባይ አለው። ለምትወዳት ልጅ «አይ ግሌርድ አት ዩ» ብለህ ብትጽፍላት «ገላመጥኩሽ» ነው ያልካት። ዓይንህን ከእሷ ላይ መንቀል አቅቶህ ከሆነ «ጌዝድ» በል። «ታዲያ ‹ሴድ›ን ልጣለው?» ማን ጣለው አለህ? ተራ ንግግር ተራ ግስ ይበቃዋል። ያጉተመተመውን ሰው ግን «መተርድ»፣ ያንሾካሾከውን «ዊስፐርድ» በልለት።

ለቢሮ ሰዎችም አለኝ። «ኮንዳክትድ አን ኢንቬስቲጌሽን» የሚለው ሪፖርታችሁ «ኢንቬስቲጌትድ» ቢል ደመወዝ ይቀነስባችኋል? ጆርጅ ኦርዌል አንዱን ግስ በሐረግ የማስረዘምን ልማድ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣው ጽሑፍ አጥብቆ ነቅፎታል። ሥራውን የሠራው ግሱ ነው፤ ተውት፣ ራሱ ይናገር።

«ልጆቹን እንዴት እናስተምራቸው?» ለምትሉ መምህራን፦ ፍቺውን ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ማስገልበጡ ይብቃ። ልጁን አስነሱት! «ሊምፕ» ሲባል ያነክስ፣ «ቲፕቶ» ሲባል በእግሩ ጣቶች ይራመድ፣ «ስታገር» ሲባል እየተንገዳገደ እስከ በሩ ይድረስ። ክፍሉ በሳቅ ቢናወጥ ምን ገዶን? በእግሩ የሄደበትን ቃል ልጅ በቀላሉ አይረሳም። ቢዘገይ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሒሳቡም ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል፤ ያኔ ግስ የሚያስጠናው መምህር ጊዜ አይኖረውም። እባካችሁ ከአሁኑ አስጀምሩት።