የአዋሽን ገደል መውረድንና (ከተቻለ) መውጣትን ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ጆሮህ ላይ ማዳመጫ የሰካህም ንቀለውና ስማ!

እኛ አዋሽ፣ ንጉሠ አፍላግ፣ ከጊንጪ ደጋ ተነሥተን በቾን ያቋረጥን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ቆቃ ላይ በግድብ ታስረን በተርባይን የተፈታን፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ ያጠጣን፣ በሐዳር ዳርቻችን ድንቅነሽን በሁለት እግሯ ያስኬድን፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ባሕር ያላየን፤

ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በኮስተር ተጭኖ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ «ተፈጥሮን ላሸንፍ» እያለ ወደ ገደላችን የሚወርደው ሕዝብ ስለበዛ፤ ሥራው «ሃይኪንግ» ከሚል ስም በስተቀር ሕግ ስላልነበረው፤ አዞዎቻችንም ስለ እንግዳ አቀባበል መመሪያ ይሰጠን ብለው ስላመለከቱ፤ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ «ሃይኪንግ» ማለት ከብት ሳይነዱ፣ ውሃ ሳይቀዱ፣ ዘመድ ሳይጠይቁ፣ ገንዘብ ከፍሎ በእግር መሄድ ነው። ያንኑ መንገድ ከብት እየነዱ ከሄዱበት «ሕገወጥ ግጦሽ» ይባላል። ብሔራዊ ፓርካችን እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ሲጸና፣ በዚያ መሬት ከብቱን ሲያሰማራ የኖረው የከረዩ አርብቶ አደር አካሄዱን ሳይለውጥ ከእረኛነት ወደ ሕገወጥነት ተዛውሯል። ከተረፈው ሜዳም የሸንኮራ አገዳው እርሻ ድርሻውን ወስዷል። እስከ ዛሬ ድረስ በላስቲክ ጫማ ይህን ገደል በቀን ሁለቴ የሚወጣና የሚወርድ እረኛ አለ፤ ፎቶ የሚያነሳው ስላልተገኘ እንደ ሄደ አይቆጠርም።

«ሃይላንድ» ማለት ውሃው በሁለት ጉንጭ አልቆ ላስቲኩ ከጠጪው የልጅ ልጅ ዕድሜ የሚሻገር ዕቃ ነው።

«ልምድ ያለው ሃይከር» ማለት ከዚህ በፊት እንጦጦ የወጣ ነው።

አንቀጽ 2። ስለ ዝናብ ደን

በዝናብ ደን ውስጥ የሚወርድ ጅረት ይዤ ልሂድ የሚል አመልካች አድራሻ ተሳስቷል፤ ሐረና ወይም ሸካ ይሂድ። እኛ ዘንድ ያለው ግራርና ቁጥቋጦ ነው፤ ፍልውሃ ዙሪያ ዘንባባ አለ። የግድ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ካስፈለገው ወደ ገዋኔ ወረድ ሲል ፕሮሶፒስ ይጠብቀዋል። ይህ ዛፍ በረሃን ይከላከላል ተብሎ መጥቶ ከብቱን ከሣሩ፣ ሰውን ከመንገዱ የተከላከለ ነው። ዝናብ ሳይጠይቅ ደን ሆኗል። እሾሁ ግን የጫማውን ዋጋ አይጠይቅም።

አንቀጽ 3። ስለ መውረድና ስለ መውጣት

ከፏፏቴያችን ራስ ወደ ገደሉ ሲወረድ ጠዋት ነው፤ ድንጋዩ ቀዝቃዛ፣ ሰው ሁሉ ጀግና ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ያው ጥቁር ድንጋይ የጋለ ምጣድ ሆኖ ዳገቱ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ መውረድ ተከልክሏል። መውጣት ግን በማንኛውም ሰዓት፣ በእግርም ሆነ በጉልበት፣ ሰው ላይ ተንጠልጥሎም ቢሆን ተፈቅዷል።

የፓርኩ ስካውት «ቅርብ ነው» ካለ ርቀቱ በሦስት ይባዛል። «ትንሽ ይቀራል» ካለ ውሃ ይቆጠባል። ዝም ካለ ሁሉም ዝም ይበል፤ አንድ ነገር አይቷል ማለት ነው።

«ትንሽ እግሬን ውሃ ውስጥ ላቀዝቅዝ» የሚል ማመልከቻ በአዞዎቻችን ዘንድ ምንጊዜም ተቀባይነት አለው።

ስፒከር ይዞ መውረድ አይከለከልም። ሳላና የሜዳ ፍየል ሊያይ መጥቶ ሙዚቃ የሚከፍት ሰው ግን ጭራቸውን ብቻ አይቶ ቢመለስ ካሳ አይጠይቅም። ፓርካችን 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው ቢባልም መሀል ለመሀል የጂቡቲ መንገድ ያልፍበታል፤ እንስሳቱ ለጩኸት እንግዳ አይደሉም። ከከባድ መኪናው ጡሩምባ ያመለጠ ሳላ የእናንተን ስፒከር ሲሰማ መኪና መጣ ብሎ ይሮጣል፤ ተሳስቷልም አንልም።

አንቀጽ 4። ስለ ዝንጀሮዎች

ከፏፏቴያችን በላይ ያሉት ዝንጀሮዎችና በታች ገደሉ ውስጥ ያሉት ሁለት የተለያዩ ወገኖች ናቸው። መሀል ላይ ተጋብተው ተዋልደዋል። ተመራማሪዎች ከ50 ዓመት በላይ ደብተር ይዘው ሲከታተሏቸው ኖረዋል፤ እስከዚህ አዋጅ ድረስ አንድም ዝንጀሮ ወሰን ይካለልልኝ ብሎ ወደ እኛ አልመጣም። እንግዳ ሆይ፣ ብስኩት አትስጣቸው። ብስኩት ከገባ ለሰላሙ ኃላፊነት አንወስድም።

አንቀጽ 5። ስለ ንጹሕ ተፈጥሮ

ተጓዡ ሁሉ «ከከተማ ሸሽቼ ንጹሕ ተፈጥሮ ልይ» እያለ ይመጣል። ሸሽቶ የት ይደርሳል? ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ፣ የጋራዡን ዘይት፣ የየሰፈሩን መጸዳጃ ከነሳሙናው ሰብስበው በአባ ሳሙኤል በኩል ለእኛ ያስረክባሉ። ደረሰኝ ጠይቀን አናውቅም። ተረክበን ወደ ቆቃ፣ ከቆቃ ወደ መተሐራ፣ ከዚያ ወደዚህ ገደል እናደርሳለን። ስለዚህ አፋፉ ላይ እጁን ዘርግቶ «ዋው!» የሚል ሰው ፊት ለፊቱ ከሚወድቀው ውሃ ላይ የገዛ መታጠቢያ ቤቱም ድርሻ እንዳለበት ይወቅ። እንግዳ መስሎን ልንቀበለው ስንወጣ ከነሽታው የምናውቀው ሰው ሆኖ አገኘነው።

ከዚህ በታች ያለው አፋር ያንኑ ውሃ ይጠጣል፣ ግመሉን ያጠጣል። ሃይኪንግ ግን አይሄድም፤ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ ቧንቧው ሥር ቆሞ «ዋው» ሲል የታየ የለም።

ከገደሉ ሥር ሁለት የሃይላንድ ላስቲክ ሰብስቦ «አካባቢዬን አጸዳሁ» ብሎ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው፣ ከዚያው ጎን የቤቱ ፍሳሽ የሚገባበትን ቦይ ፎቶ አብሮ እንዲለጥፍ ታዟል።

አንቀጽ 6። ስለ ጎርፍ

በክረምት ከዳርቻችን ወጥተን ሰው መንደር ስለምንገባበት ጉዳይ ይህ አዋጅ ዝም ብሏል። ባለሥልጣን ስለ ራሱ ጥፋት አዋጅ አያወጣም።

አንቀጽ 7። ስለ ፈንታሌ

ጎረቤታችን እሳተ ገሞራው ፈንታሌ በ2017 ዓ.ም. ምድሩን ሲያናውጥ፣ መንገዱ ሲሰነጠቅ፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ልጁን አዝሎ ሲሸሽ አይተናል። በእርሱ ላይ አንቀልድም። ወደ አፉ ልውጣ የሚል አስቀድሞ የመንደሩን ሰው ይጠይቅ፤ የመንደሩ ሰው እኔ አልወጣም ካለ እሱም አይውጣ።

አንቀጽ 8። ስለ ዳጉ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ አይታተምም፤ በዳጉ ይነገራል። ሁለት አፋሮች በረሃ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው አይለያዩም። ይቀመጣሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ሰላም የጠፋው ወዴት ነው ተባብለው ይጠያየቃሉ። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ለይቶ ያወራል፤ ውሸት ያወራ ሰው ከእንግዲህ የሚያምነው የለም። ጋዜጣ ለማይደርስበት አገር ይህ በቂ ነው። ጋዜጣ ለሚደርስበትም ሳይጠቅም አይቀርም።

ስለዚህ ሃይከር ሽርጥ ያገለደመ፣ ጊሌ የሚባለውን ጩቤ የታጠቀ መንገደኛ ሲያገኝ ስልኩን ወደ ፊቱ ከመደቀኑ በፊት ዳጉ ይስጥ። በናንተ በኩል ዝናብ ጥሏል ወይ? ሲባል «አላስተዋልኩም» ማለት ያስቀጣል። ጎረቤቶችህ ደኅና ናቸው? ሲባል የጎረቤቱን ስም የማያውቅ እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ይቆያል። «ኔትወርክ የለም» መልስ አይሆንም።

አንቀጽ 9። «ፈታኝ» ስለሚባል መንገድ

ግማሽ ቀን ሄዶ «ፈታኙን ጨረስኩ» ማለት ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የሚባል የ23 ዓመት ጎረምሳ ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ፣ ግመል ጭኖ፣ የአውሳውን ሱልጣን መሐመድ ያዮን አስፈቅዶ፣ እስከ መጨረሻችን እስከ አቤ ሐይቅ ተከትሎናል። እንግሊዛዊ ቢሆንም የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1910 እዚያው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ተወለደ። እኛ አቤ ላይ ስንቀር እሱ አልፎ ታጁራ ላይ ባሕር አየ። ቅር አላለንም ብንል ዳጉ ያጋልጠናል። መንገድ የመሩትና ግመሎቹን የጎተቱት ሰዎች ግን ሃይከር አልተባሉም፤ አንቀጽ 1 ይመለከታቸዋል።

ከእንግዲህ «ፈታኝ» የሚባለው ከአዋሽ እስከ ሰመራ ያለው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ብቻ ነው፤ አዋሽ አርባን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን ይዞ። የደረሰ ሰው ሎጊያ ላይ ሻይ ይጠጣል። ሜዳሊያ የለም።

አንቀጽ 10። ስለ ስብሰባ

ይህን አዋጅ ለማስፈጸም የሚጠራ ዐውደ ጥናት፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክና የባለድርሻ አካላት ምክክር ሁሉ በሰመራ፣ በሰኔ ወር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ኤሲ ጠፍቶ ይካሄዳል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ «በመጨረሻም» የሚለው ቃል ቶሎ እንደሚመጣ ደርሰንበታል። አበል የሚከፈለው በእግሩ ለመጣ ነው፤ በመኪና የመጣ አይከፈለውም።

አንቀጽ 11። ስለ ተሻሩ አሠራሮች

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማናቸውም ልማድ፣ በተለይም አፋፍ ላይ ሆኖ «አይዞህ፣ ምንም አይልም» የማለት ልማድ፣ ተሽሯል።

አንቀጽ 12። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ሸንኮራው ከጠጣው፣ ጥጡ ከጠጣው፣ ፀሐይ ከወሰደችው የተረፈ ውሃ እስካለን ድረስ የጸና ይሆናል።

አዋሽ፣ ከገደሉ ሥር

ግልባጭ

ለቆቃ ግድብ፦ በር ስትከፍት አስቀድመህ እንድትነግረን

ለቀይ ባሕር፦ በአካል ባንገናኝም ለትውውቅ ያህል

ለአዲስ አበባ፦ መልስ ካለሽ በአቃቂ ላኪልን፤ በዚያ በኩል የላክሽው ነገር ሳይደርሰን ቀርቶ አያውቅም