ዘመድ የሌለው ፋይል

ዳማም፣ አል ጀለዊያ ሰፈር ውስጥ ሰው ያለው ሰው አይቸገርም። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ሲያልፍ መንገዱን የሚያውቅ ይፈለጋል፤ ከፊል (አሠሪው) ሲያስቸግር ሽማግሌ ይላካል፤ ደመወዝ ሲዘገይ የማዳሟ እህት ትለመናለች። የጎረቤታችን ፍላሽ ግን አማላጅ የማያውቅ ሆኖ ተገኘ።

ጎረቤታችን ሹፌር ነው። ቢትኮይን እንዲህ ሳይወደድ ጥቂት ገዝቶ፣ የዋሌቱን ቅጂ በፓስዎርድ ቆልፎ ፍላሽ ላይ ጫነው። ፍላሹን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ፣ ከአገር ቤት ከመጣ በርበሬ ጋር አኖረው። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ሊሰካው ሲያወጣ ቤቱ ሁሉ ያስነጥሳል። ፓስዎርዱ ግን የለም።

አርብ ቡና ላይ ጉዳዩ ቀረበ። ታላቃችን፣ ዳማም ውስጥ ያረጁ ሰው፣ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ቢሮው የት ነው? ኮበር ከሆነ ሄደን እናናግራቸዋለን።»

«ቢሮ የለውም ጋሼ።»

«ኃላፊስ?»

«የለውም።»

«ዘበኛም የለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ማን ነው የቆለፈው?»

«እኔ።»

ስልክ የሚጠግነው ልጅ አስረዳን። ፓስዎርዱ ፋይሉ ውስጥ አይቀመጥም። የሚጻፈው ቃል በሺህ የሚቆጠር ዙር ተፈጭቶ ቁልፍ ይሆናል፤ ከገጠመ ገጠመ፣ ካልገጠመ ዝም ነው። ሁሉንም ልሞክር ያለ ዕድሜ አይበቃውም፤ ባለቤቱ ግማሹን ካስታወሰ ግን የቀረውን ኮምፒውተር ይገምታል። አሜሪካዊው ጆ ግራንድና ባልደረባው የአንድን ሰው 43.6 ቢትኮይን ያስለቀቁትም ከዚህ በማይርቅ ዘዴ ነው። ሰውዬው ፓስዎርዱን ያስፈበረከው ሮቦፎርም በተባለ ፕሮግራም ሲሆን፣ የዚያን ጊዜው ሮቦፎርም ቃሉን የሚመዘው ከኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ነበር። ሰዓቱን ወደ ኋላ እያጠነጠኑ ሲሞክሩ ቅጽበቷ ተገኘች፦ ሜይ 15፣ 2013። በእኛ ግንቦት 7 ቀን 2005። (ቀኑን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም።)

ጎረቤታችን ብድግ አለ። «የእኔም በቀን ነው! የልደት ቀኔና የእናቴ ስም! ያኔ እሷን ጠይቄ ነው ያስገባሁት!»

በየትኛው አቆጣጠር? አያስታውስም። ኢቃማው ያኔ በሂጅራ፣ ፓስፖርቱ በፈረንጅ ይቆጥር ነበር፤ የፓስፖርቱን ዕድሜ ደግሞ ደላላ ነው የሰጠው። እናቱ ጋ በኢሞ ተደወለ። «አንተማ» አሉ፣ «ላማችን ቡሬ በወለደች በሳምንቱ ነው የመጣኸው።» የእሳቸው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ልተወው።

ጋሼ ተስፋ አልቆረጡም። «እዚሁ ዳህራን ነዳጁ በገፍ የወጣው በሰባተኛው ጉድጓድ ነው» አሉ። «በፈረንጅ 1938፣ ከ1,400 ሜትር በላይ ወርደው። በስድስቱ ተማርረው ቢሄዱ ኖሮ እኔም አንተም እዚህ ምን እንሠራ ነበር?»

ወሬው በሳምንቱ ተዛመተ። ፋይሉ ዘመድ ባይኖረውም ባለቤቱ አበቀለ፤ ከጁበይል የአክስትህ ልጅ ነኝ ባይ ደወለ። አንዱ «ባለሙያ» ደግሞ 500 ሪያል በቅድሚያ ላክ፣ የፍላሹንም ቅጂ ጨምር አለ። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው መለሱለት፤ የመለሱለትን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ስልክ ጠጋኙ ልጅ ሦስቱን አቆጣጠር ከእናትየው ስም ጋር እያዳቀለ ላፕቶፑን ሲያስሮጥ ሰነበተ። ትናንት ማታ እናትየው ራሳቸው ደወሉ። ለካ ያን ጊዜ የወለደችው ቡሬ ሳትሆን ዳለቻ ናት፤ ዓመቱም በሁለት ወደ ኋላ ይሄዳል። ልጁ «ሌላ ላም የለችም እማማ?» ብሎ ካረጋገጠ በኋላ ነው እንደ አዲስ የጀመረው።