የሠራተኛን ልብ አሳስቶ ለመስፈር

ማለዳ ከየካ ሚካኤል በታች ባለው መንገድ አንዱ ወደ ቢሮው፣ ሌላው ወደ ዘበኝነቱ፣ አንዲት እናትም ከእንጦጦ የለቀመችውን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ ወደ ገበያ ያልፋሉ። የእንዲህ ያሉትን ሰዎች የሥራ እርካታ በአንድ ወረቀት ሰፍሮ፣ ሴቱን ከወንዱ፣ ሽማግሌውን ከወጣቱ አወዳድሮ ለመሳሳት የሚሻ አስተዳዳሪ ቢኖር፣ የሚከተለውን ይፈጽም።

በመጀመሪያ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን መጠይቅ ቃል በቃል ያስተርጉም፤ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያ ቋንቋው መልሶት ሁለቱ እንዲመሳከሩ አይፍቀድ። «አለቃህ ያከብርሃል?» ብሎም በወንድ አንቀጽ ብቻ ያትመው፤ ሴቲቱ ጥያቄው ለእርሷ እንዳልተጻፈ ከመጀመሪያው መስመር ትወቅ።

ሁለተኛ፣ «መከበር» ለሁሉ አንድ ነው ብሎ ይመን። 60 ዓመት የሞላቸው ዘበኛ መከበርን «አንቱ» መባል አድርገው ሲያውቁት፣ አዲስ የተቀጠረችው የሒሳብ ሠራተኛ ግን ሐሳቧ በስብሰባ መደመጡን ትለዋለች፤ ሁለቱም በመጠይቁ ላይ «4» ቁጥርን ቢከቡ፣ ልባቸው አንድ ነው ብሎ ይፍረድ።

ሦስተኛ፣ የሥነ ልቡና ሊቁ ሬንሲስ ላይከርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ያስተዋወቀውን ባለ ደረጃ መልስ ሁሉም በእኩል እርምጃ ይወጣዋል ብሎ ይገምት። ታሞ እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ ያደገ ሰው፣ ውሉ እንዳይቋረጥ የሚሰጋም ጊዜያዊ ተቀጣሪ፣ ዝቅተኛውን ቁጥር ለመክበብ እጁ እንደሚከብደው አያስብ።

በመጨረሻም፣ የስታቲስቲክስ ሊቁ ካርል ዮረስኮግ በዚያው አቆጣጠር በ1971 መሠረቱን የጣለለትን የብዙ ቡድኖች ምርመራ ይተው። ጥያቄዎቹ በየቡድኑ በአንድ ዓይነት መልክ መሰባሰባቸውን፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከሚለካው ስሜት ጋር በእኩል ኃይል መተሳሰሩን፣ እኩል ስሜት ያላቸው ሰዎችም ከአንድ መነሻ መልስ መስጠታቸውን ሳይመረምር፣ አማካዩን አውጥቶ «ዘበኞች ከሁሉ ይልቅ ረክተዋል» ብሎ ያውጅ።

ይህን ሁሉ የፈጸመ ሰው ያለ ጥርጥር ይስታል፤ ስሕተቱም በአኃዝ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ምሬታቸውን በምስጋና የሸፈኑት አዛውንት «ረክተዋል» ተብለው ይዘለላሉ፣ ደፍራ የተናገረችውም ወጣት አማራሪ ትባላለች። በእህል ገበያ እንኳ ከሁለት አገር የመጡ ሁለት ቁናዎች ሳይመሳከሩ ዋጋ አይቆረጥም፤ የሰው ልብ ከጤፍ የረከሰ አይደለምና፣ ፍትሕን የምትወዱ ሁሉ፣ ሰው ከሰው ሳይወዳደር አስቀድሞ ቁናው ይመሳከር እላለሁ።