ሰላምታ የነሳው ሌባ

በእንግሊዝ አገር ካናሎች ላይ ጀልባ መስረቅ ብዙ ሙያ አይጠይቅም። ሁለት ገመድ ፈትቶ ሞተር ማስነሳት ነው። ጭንቁ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሰረቀ ሰው መሮጥ አለበት፣ ካናል ላይ ደግሞ ሩጫ የለም። የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል፣ ማለትም 6.4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገበያ የረፈደባት ሴት ከዚህ ትፈጥናለች። ሌባው «ባለቤቱን ያልፈራሁ የፍጥነት ሕግ ልፈራ?» ብሎ ነዳጁን ቢጨምር እንኳ ውሃው አይታዘዘውም። ቦዩ ጠባብ፣ ጥልቀቱም ትንሽ ስለሆነ ሞተሩ ባጓራ ቁጥር የጀልባዋ ኋላ ወደ ታች ቁጭ ይላል፣ ማዕበሉ ዳርና ዳሩን ይደበድባል፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነው።

መንገዱም ለሌባ ተብሎ አልተሠራም። መኪና የሰረቀ ሰው ቅያስ አለው፣ ጫካ አለው፣ ጋራዥ አለው። ጀልባ የሰረቀ ሰው ያለው ፊትና ኋላ ብቻ ነው። «ልመለስ» ቢልም ወደ 20 ሜትር የምትረዝም ጀልባ በጠባቡ ቦይ ውስጥ አትዞርም፤ ለመዞሪያ ተብሎ ዳሩ የሰፋበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ ወደማይፈልገው አቅጣጫ መጓዝ ግዴታው ነው። በዚያ ላይ የጀልባዋ ስም በትልልቅ ፊደል ጎኗ ላይ ተጽፏል።

እንዲህም ሆኖ የሚሰርቅ አይጠፋም። አንዱን በዓይኔ ለማየት የበቃሁት በጋሼ ጀልባ ላይ በእንግድነት ሳለሁ ነው።

ጋሼ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ያገሬ ሰው ናቸው። «የቤት ኪራይ ወደ ላይ ሲወጣ እኔ ወደ ውሃ ወረድኩ» ይላሉ። የገዙት ናሮውቦት የሚባለውን ዓይነት ጀልባ ሲሆን ወርዷ ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም። አልጋው፣ ሻወሩ፣ የእንጨት ምድጃው፣ ወጥ ቤቱና የጋሼ ረከቦት ሁሉም በሰልፍ ቆመዋል። ሽንት ቤት ለመሄድ የፈለገ ሰው ወጥ የሚሠራውን «አሳልፈኝ» አይለውም፣ «ውጣልኝ» ነው የሚለው። የዚህ ሁሉ ጥበት ተጠያቂ ጄምስ ብሪንድሊ የሚባል መሐንዲስ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለድንጋይ ከሰልና ለሸክላ ማመላለሻ ካናል ሲቆፍር፣ ገንዘብም ውሃም ለመቆጠብ ብሎ የውሃ መዝጊያዎቹን አጥብቦ ሠራቸው። ሰውዬው ከሞተ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጋሼ ግን ዛሬም ፍራሽ የሚገዙት በእሱ ልክ ነው።

እንደ ጋሼ ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልበኛ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ቦታ ላይ ከ14 ቀን በላይ አይቆይም። ሞላ ሲባል ገመዱን ፈትቶ ወደሚቀጥለው ሠፈር መሄድ ነው። እኔ ይህን እንደ መከራ ብቆጥረው ጋሼ ሳቁብኝ። «ክፉ ጎረቤት ቢገጥምህ መታገሥ ያለብህ ሁለት ሳምንት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ዓመት ትታገሣለህ?»

የተጓዝነው ለንደንን ከበርሚንግሃም በሚያገናኘው በግራንድ ዩኒየን ካናል ነው። ርዝመቱ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 166 ሎኮች አሉት። ሎክ የሚሉት በሁለት በር መካከል ያለ የውሃ ደረጃ ነው፤ ጀልባዋን አስገብተህ፣ ከኋላዋ ዘግተህ ውሃ ስትለቅባት ትነሳለች፣ ስታጎድልባት ትወርዳለች። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍትልህ ሠራተኛ የለም። ራስህ ትወርዳለህ፣ የውሃውን መልቀቂያ በእጥፍ የብረት ማዞሪያ ታነሳለህ፣ ግዙፉን የእንጨት በር ትገፋለህ። ካፒቴኑ ከመሪው ስለማይለይ ገፊው እኔ ነበርኩ። «በእጅህ አትግፋ! ጀርባህን ስጠው!» ይላሉ ጋሼ፣ ቡናቸውን ፉት እያሉ።

የሚገርመው ግን ሰላምታው ነው። ጀልባ ከጀልባ ሲተላለፍ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። እጅ ይነሳል፣ ስለ ሰማዩ ይወራል፣ ከፊት ያለው ሎክ ሙሉ ይሁን ባዶ ይነገራል፣ ውሻው ሳይቀር በስሙ ይጠራል። በዚያ ፍጥነት ሁለት ሰዎች እየተላለፉ ጤና መጠያየቅ ብቻ ሳይሆን የልጅ ሠርግ ወሬም ይጨርሳሉ። «ስንት ዘመን ሙሉ ሰው ጭኜ ስመላለስ ቀና ብሎ ያየኝ የለም» አሉ ጋሼ። «እዚህ አንድም ሰው ሳልጭን ሁሉም ያውቀኛል።»

ስቶክ ብሩየርን በሚባል መንደር ሰባቱን ሎኮች ወጥተን ከላይ እንደታሰርን የጋሼ ስልክ ጮኸ። አዳመጡ፣ ፊታቸው ተለወጠ። አረንጓዴ ጀልባ፣ ጣራዋ ላይ ቀይ አበባና ጽጌረዳ የተሳለበት የውሃ መቅጃ ያለባት፣ ማለዳ ተሰርቃ ወደ እኛ አቅጣጫ እየመጣች ነው።

ተነስቼ ቆምኩ። «ምን እናድርግ ታዲያ፣ ጋሼ? መቼ ትደርሳለች?»

«ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው አሉ። ሽንኩርት ክተፍ፤ ምሳ በልተን እንጠብቀዋለን።»

ታሪኩ ቁርጥራጭ እየሆነ፣ ግማሹ በስልክ፣ ግማሹ በሚያልፉ ጀልበኞች አፍ ደረሰን። ባለቤቷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ጀልባዋን ባክቢ ከሚባሉት ሎኮች በላይ አስራ ልጇ ዘንድ ልታድር ሄዳለች። ጎህ ሲቀድ አንድ ጎረምሳ ገመዱን ፈታ። ከፊቱ ሰባት ሎኮች ተደርድረዋል፤ እሱ ደግሞ ጀልባዋ ውስጥ የተሰቀለው እጥፍ ብረት ለምን እንደሚያገለግል እንኳ አያውቅም። እናም የመጀመሪያው በር ፊት ቆሞ ማፍጠጥ ጀመረ።

ካናል ላይ ሎክ ፊት ቆሞ የሚያፈጥ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ለእረፍት ጀልባ የሚከራይ ሁሉ እንዲሁ ነው። በማለዳ የተነሱ አንድ አዛውንት ባልና ሚስት አዘኑለት። በግራንድ ዩኒየን ሎኮች ሁለት ናሮውቦት ጎን ለጎን ይገባል፤ አንዱ ሎክ በሞላና በጎደለ ቁጥር ከ200 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ስለሚፈስ ጥንድ ሆኖ መግባት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። እናም አዛውንቶቹ ጀልባቸውን ከእሱ ጎን አቆሙ፣ ማዞሪያ አዋሱት፣ በሩን ከፈቱለት፣ አስተማሩት፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ አወረዱት። ሴትየዋ ብስኩትም ሰጥታዋለች። በዚያ ሥፍራ ካናሉ፣ የባቡር ሐዲዱና ኤም 1 የሚባለው አውራ ጎዳና ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። መኪናው በሰዓት 112 ኪሎ ሜትር እየበረረ፣ ባቡሩም ከዚያ በላይ እየከነፈ፣ ከጎናቸው ሌባችን ብስኩት እየቆረጠመ በእርምጃ ይሸሻል።

ከሰባተኛው ሎክ በኋላ እስከ ስቶክ ብሩየርን ድረስ 24 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም ሎክ የለም። ጎረምሳው ይህን ሲያይ ነጻ የወጣ መሰለውና ሞተሩን አስጮኸው። በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት በተሠራባት በዊደን በኩል ሲያልፍ ዳር ዳሩን ጀልባዎች ታስረዋል። የታሰረ ጀልባ አጠገብ ሲደርሱ ሞተርን ማለዘብ በካናል ላይ ትልቁ ሥርዓት ነው፤ አለዚያ ማዕበሉ የሰው ችካል ይነቅላል። ይህኛው አላለዘበም። አንድ ሽማግሌ ቁርስ ላይ ሳሉ ሻያቸው ጭናቸው ላይ ፈሰሰ።

ሽማግሌው ወጥተው «ቀስ በል!» ብለው ጮኹ። መልስ የለም። እንደ ሥርዓቱ «ይቅርታ» ይለኛል ብለው ጠበቁ፤ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳበ እንጂ ቀና አላለም። ሻይ መድፋቱን ይቅር ይሉት ነበር፤ ሰላምታ መንሳቱን ግን አላለፉትም። ተናደው የጀልባዋን ስም ሲያነቡ የሚያውቋት ሆና ተገኘች። ደወሉ።

«ጀልባሽን ሸጥሽው እንዴ?»

«ኧረ አልሸጥኩም፤ ምነው?»

«እንግዲያው ያላንቺ እየሄደች ነው።»

ሴትየዋ ወደ ፖሊስ ደወለች። የተሰረቀው ምንድን ነው? ቤቴ። የቤትሽ አድራሻ? እሱን አግኙልኝ ብዬ ነው የደወልኩት። ይህን ጭውውት ኋላ ራሷ እየሳቀች ነው የነገረችን።

በዚህ መካከል ጀልበኞቹ ሥራቸውን ጀምረው ነበር። ማንም አላሳደደም፤ በዚያ ፍጥነት የሚያሳድድና የሚሸሽ ልዩነታቸው አይታወቅም። የካናሉ ድልድዮች እያንዳንዳቸው ቁጥር ስላላቸው በየድልድዩ አንድ ሰው ውሻ ይዞ ይቆማል፣ ሌባው በሥር ሲያልፍ ሞቅ ያለ ሰላምታ ይሰጠዋል፣ ሌባውም ይዘጋዋል፣ ቁጥሩም ለሚቀጥለው ሰው በስልክ ይነገራል። ያሰጋው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፦ ጌይተን ላይ ወደ ኖርዝሃምፕተን የሚገነጠል ቅርንጫፍ አለ። እዚያ ሲደርስ ግን ሁለት ረጃጅም ጀልባዎች የቅርንጫፉን አፍ ዘግተው ለመዞር ይታገላሉ። አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይስባል፣ ይቅርታ ይጠያየቃሉ። ያን ያህል መንዳት የማይችል ጀልበኛ በዚያ መገናኛ ታይቶ አይታወቅም አሉ፤ ሁለቱም የዕድሜ ልክ ጀልበኞች ናቸው። ጎረምሳው ትዕግሥቱ አልቆ ወደ ፊት ቀጠለ፤ ከፊቱ ያለው የብሊስዎርዝ ዋሻ ነው።

ብሊስዎርዝ 2,813 ሜትር የሚረዝም፣ እ.ኤ.አ. በ1805 የተከፈተ ዋሻ ነው። የእግረኛ መንገድ የለውም። ሞተር ባልነበረበት ዘመን ሰዎች ሳንቃ ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ ግድግዳውን በእግራቸው እየረገጡ ጀልባ ያሳልፉበት ነበር። ከወዲያ የገባ ከወዲህ ከመውጣት ሌላ ምርጫ የለውም፤ ለዚያውም ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እኛ በዚህኛው አፍ ተሰልፈን ቁጭ አልን። ባለቤቷ በመኪና ደረሰች። ሁለት ፖሊሶችም መጡ፤ መጀመሪያ ቆመው ጠበቁ፣ ኋላ ተቀመጡ፣ ከዚያ ጋሼ ከፔርሙዛቸው ቡና ቀዱላቸው። መብራቱ ከሩቅ ታየ። «መጣ!» ተባለ፣ ሁሉም ብድግ አለ። ቆምን፣ ቆምን፣ መብራቱ ያው ነው። ተመልሰን ተቀመጥን። አንደኛው ፖሊስ ሁለተኛ ቡና ጠየቀ።

በመጨረሻ ከዋሻው ጣራ በሚንጠባጠብ ውሃ የበሰበሰ፣ ብርሃን ያጥበረበረው ጎረምሳ ብቅ አለ። ዳር የተሰለፈው ሕዝብ በአንድ ድምፅ «እንደምን ዋልክ!» አለው። እሱም ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አነሳ፤ ሰላምታ ይሁን መማረክ አልለየሁትም።

ፖሊሱ «አቁም!» አለ። ጀልባ ግን ፍሬን የለውም፤ የሚቆመው ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ ነው፣ ልጁ ደግሞ ይህን አያውቅም። ጀልባዋ ፖሊሶቹን አልፋ ተንሳፈፈች። ይሄኔ ጋሼ የሹፌርነት ደማቸው ፈላ። «ወደ ኋላ ስጠው! ቀስ! አሁን መሪውን ወደ ራስህ! ጎበዝ!» እያሉ ዳር ዳሩን ተከተሉት። አንዱ ገመድ ወረወረለት፣ ሌላው ችካል ተከለለት። ልጁ ጀልባዋን አሳምሮ አሰረና ወርዶ እጁን ለካቴና ሰጠ። ሲሰርቅ ሎክ ከፈቱለት፣ ሲያዝም ማቆሚያ አሳዩት።

ብስኩት የሰጠችው ሴትዮ ዘግይታ በጀልባዋ ደርሳ ነገሩን ስትሰማ ክው አለች። «ከእንግዲህ ሎክ ላይ የቆመ ሰው ከመርዳትሽ በፊት ማንነቱን ጠይቂ» ሲሏት ግን የባሰ ነውር የሰማች ያህል አየቻቸው። እውነቷን ነው። ባይረዱት ኖሮ ከመጀመሪያው ሎክ አያልፍም ነበር፣ ባይረዳዱ ግን እነሱም አያልፉም። እኛ ቤት አጥር ላይ ጠርሙስ እንሰካለን፣ ዘበኛ እንቀጥራለን፣ ከዚያ አጠገባችን የሚኖረውን ሰው ስም አናውቅም። የእነዚህ ሰዎች ቤት የታሰረው በገመድ ነው፤ ዘበኛቸው «እንደምን አደርክ» ብሎ ዓይን ለዓይን የሚያይ መንገደኛ ሁሉ ነው። ጋሼም ይህንኑ በሁለት ቃል ቋጩት፦ «ሰላምታ የእግዜር ነው። የነሳህ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ የሰው ዕቃ ይዟል።»

ፖሊሱ መዝገቡን ዘግቶ ባለቤቷን ጠየቃት። ጀልባዋን ወደ ነበረችበት ለመመለስ የሚረዳሽ ሰው አለ?

«ለምን እመልሳታለሁ?» አለች ሴትየዋ። «እዚያ የቆየሁበት 14 ቀን ዛሬ ሞልቷል። ይህን ሁሉ መንገድ ብቻዬን እንዴት እነዳዋለሁ ብዬ ስጨነቅ ነበር።»

ጋሼ ወደ እኔ ዘወር ብለው በአማርኛ፣ «ታዲያ ይህ ልጅ ምን አጠፋ?» አሉኝ። «ደመወዙን ነው ሳይነጋገር የገባው።»